ወናፍ የተሸከመው ዜማ፤ ስለ ኮንሰርቲናና ስለ አድማጯ

በታች ጋይንት ተወልዶ ያደገ ሰው፣ የዜማ መምህር ባይቀጠርለትም እንኳ፣ ጆሮው ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሁለት ጉባኤ ይማራል። አንደኛው ጉባኤ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ በዚያው በጋይንት ምድር በምትገኘው በቤተ ልሔም ከየአገሩ የተሰበሰቡ ደቀ መዛሙርት ከመምህራቸው እግር ሥር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ድርሰት ግዕዙን፣ ዕዝሉንና አራራዩን እየለዩ ይቀጽላሉ፤ ድጓን በሌላ አገር የተማረ ሊቅም ቢሆን መምህርነቱ የሚጸናው ከዚህ ጉባኤ ሲያስመሰክር እንደ ሆነ የቆየ ሥርዓት ነው፤ ዝማሬ መዋሥዕትን የሚያስመሰክረውም በዚያው በጋይንት፣ በዙር አምባ ነው። ሁለተኛው ጉባኤ የሠርጉ ዳስና የጠላው ቤት ነው፤ በዚያ አዝማሪው ከፈረስ ጭራ በተገመደች አንዲት አውታር ላይ ደጋኑን እየሳበ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን እንደየወጋቸው ያሰማል። ስለዚህ የታች ጋይንቷ ከተማ የአርብ ገበያ ሰው የኖታ ፊደል ባይቆጥርም፣ የትኛው ዜማ ለኀዘን፣ የትኛው ለፉከራ፣ የትኛው ለውዳሴ እንደሚስማማ ከፊደል አስቀድሞ ያውቀዋል።

እንዲህ ያለ የተገራ ጆሮ የያዘ አድማጭ፣ በዚህ ዘመን በሬዲዮና በእጅ ስልክ አማካይነት የዓለም ዜማ ሁሉ እስከ ደጁ ድረስ ሲመጣለት፣ የትኛውን በምን ዓይነት ማስተዋል ሊሰማው እንደሚገባ መጠየቁ አይቀርም። ለዛሬው ሐተታ የመረጥነው በአገራችን ስሟ ብዙ ጊዜ የማይነሣውን፣ ነገር ግን የሥጋ ዘመዷ የሆነው አኮርዲዮን በአዲስ አበባ ቲያትር ቤቶች ለብዙ ዘመን የተሰማላትን ኮንሰርቲናን ነው። ይህች መሣሪያ የተፈጥሮን ሕግ ከሚመረምር ከአንድ ሊቅ የሥራ ጠረጴዛ ተነሥታ፣ በመርከበኛና በስደተኛ ጓዝ ውስጥ ባሕር ተሻግራ፣ በደረሰችበት አገር ሁሉ የአገሬውን ልሳን ተምራ ተናግራለች፤ ስለዚህም ታሪኳን የሚከታተል ሰው አንድ ነገር ይረዳል፤ ይኸውም መሣሪያ በትውልዱ ባዕድ ሊሆን እንደሚችል፣ ዜማ ግን ሁልጊዜ የያዘው እጅ ወገን እንደ ሆነ ነው።

በመጀመሪያ ግን መሣሪያዋን ራሷን እንይ። ኮንሰርቲና በሁለት መዳፍ መካከል የምትያዝ፣ ብዙውን ጊዜ ስድስት ማዕዘን ያላት ትንሽ ሣጥን ስትሆን፣ ስፋቷ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም፤ ክብደቷም ከአንድ ኪሎ ብዙ አያልፍም። በሁለቱ ጫፎቿ ላይ ጣት የሚያርፍባቸው ትናንሽ ቁልፎች ተደርድረዋል፤ በመካከሏ ደግሞ እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚዘረጋና የሚሰበሰብ፣ ከካርቶንና ከቆዳ የታጠፈ አካል አላት። ይህ ወናፍ ነፋሱን ያመላልሳል፤ ድምፁን የሚወልደው ግን በውስጥ የተሰወረው ስስ የብረት ምላስ ነው። ምላሱ በአንድ ጫፉ ብቻ በሰሌዳ ላይ ይጠበቃል፤ ከሥሩም ልክ የእርሱን መጠን የሚያህል ቀዳዳ ተከፍቶለታል፤ ተጫዋቹ ቁልፉን ሲጫን የነፋሱ በር ይከፈታል፣ ነፋሱም ምላሱን ወደ ቀዳዳው ይገፋዋል፣ ምላሱ ደግሞ በራሱ ጥንካሬ ተፈናጥሮ ይመለሳል፤ ይህ መመላለስ በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ብዙ መቶ ጊዜ ሲደጋገም ድምፅ ሆኖ ይሰማል። ረዥሙና ከባዱ ምላስ ወፍራም ድምፅ፣ አጭሩና ቀላሉ ምላስ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ዋሽንት ድምፁን የሚያገኘው በመቃው ውስጥ ከታቀፈው አየር በመሆኑ ወፍራም ድምፅ የፈለገ ሰው ረዥም መቃ መቁረጥ ግድ ይሆንበታል፤ የብረቱ ምላስ ግን ቧንቧ ስለማያሻው፣ አርባ ስምንት ቁልፍ ያላት መሣሪያ ሳትቀር በካፖርት ኪስ ልትገባ ትችላለች።

በነፋስ የሚናወጥ ምላስን ለዜማ ማዋል የአውሮፓውያን ፈጠራ አይደለም። ቻይናውያን ሼንግ የሚሉትን፣ በአፍ እየተነፋ ብዙ ድምፅ በአንድነት የሚያሰማውን መሣሪያ ከክርስቶስ ልደት በፊት ጀምሮ ያውቁት ነበር፤ የአውሮፓ ጠቢባን በዚህ ምሥጢር መመራመር የጀመሩት እጅግ ዘግይተው፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ፈጠነ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1829 ዓ.ም. ሲሪል ዴሚያን የተባለ ሰው በቪየና ከተማ የአኮርዲዮንን የፈጠራ መብት ሲያስመዘግብ፣ በዚያው ዓመት በሎንዶን ቻርልስ ዊትስቶን የተባለው ሊቅ በአፍ የሚነፋና ቁልፍ ያለው አንድ መሣሪያ አስመዘገበ፤ ይህንኑም እያሻሻለ፣ ነፋሱን ከአፍ ወደ ወናፍ አዛውሮ፣ በ1844 ዓ.ም. የኮንሰርቲናን መብት አስከበረ። ዊትስቶን ከዜማ መሣሪያ ሠሪዎች ቤተሰብ የተወለደ፣ የድምፅንና የኤሌክትሪክን ጠባይ የሚመረምር ሰው ነበር፤ በ1837 ዓ.ም. ከዊሊያም ኩክ ጋር የኤሌክትሪክ ቴሌግራፍን ያስመዘገበው እርሱ ራሱ በመሆኑ፣ መልእክትን በሽቦ ያስኬደው አእምሮና ዜማን በትንሽ ሣጥን ያሳደረው አእምሮ አንድ ነው ማለት ይቻላል። በጀርመን አገር ደግሞ በከምኒትስ ከተማ ካርል ፍሬድሪክ ኡሊግ በ1834 ዓ.ም. ገደማ የራሱን ዓይነት ኮንሰርቲና ሠርቶ ነበር።

ይህ ሁሉ በአውሮፓ ሲሆን የእኛም አገር ወናፍ ሥራ አልፈታም ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1860ዎቹ ዓመታት፣ በሎንዶን አዳራሾች ኮንሰርቲና በመኳንንትና በወይዛዝርት ፊት በምትደመጥበት ዘመን፣ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ዳግማዊ አጤ ቴዎድሮስ የሰበሰቧቸው የእጅ ባለሙያዎች በወናፍ እሳት እያነደዱ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አቀለጡ፤ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው መድፍም በሰው ጉልበት እየተጎተተ በጋይንት በኩል አልፎ ወደ መቅደላ ወጣ። ንጉሡ ከአውሮፓ የፈለጉት የብረት ጥበብ ነበርና መድፉ መጣ፤ አኮርዲዮን የመጣልን ከዚያ ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው።

የኮንሰርቲና ቤተሰብ በዋናነት በሦስት ይከፈላል፤ አድማጭም ይህን ቢያውቅ የሚሰማው ነገር ይገለጥለታል። የመጀመሪያዋ እንግሊዛዊት ኮንሰርቲና ስትሆን፣ ወናፉ ቢዘረጋም ቢሰበሰብም አንዱ ቁልፍ ሁልጊዜ አንድ ድምፅ ይሰጣል፤ የዜማውም መሰላል ከግራ እጅ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየተቀባበለ ስለሚወጣ፣ ዜማው ሳይቆራረጥ ይፈስሳል። ሁለተኛዋ አንግሎ የምትባለው ናት፤ በዚህችኛዋ አንዱ ቁልፍ ወናፉ ሲሳብ አንድ ድምፅ፣ ሲገፋ ሌላ ድምፅ ያወጣል፤ ስለዚህ ተጫዋቹ ጥቂት ድምፅ ባሰማ ቁጥር ወናፉን መመለስ ግድ ይሆንበታል፤ ይህም መመላለስ ለዜማው የእግር ምት የመሰለ ጉልበት ይሰጠዋል። ሦስተኛዋ ዱዌት የምትባለው ስትሆን፣ ወፍራሙን ድምፅ በግራ፣ ቀጭኑን በቀኝ ስለምታደርግ አንድ ሰው ዜማውንና አጃቢውን በአንድነት እንዲጫወት ትረዳዋለች። የእንግሊዛዊቱ ዓይነት በመጀመሪያው ዘመን ውድ ነበረችና በሀብታም ቤት ኖረች፤ እንደ ጁሊዮ ሬጎንዲ ያሉ ታላላቅ ባለሙያዎችም በአዳራሽ አከበሯት፤ ኡሊግ የጀመራት የጀርመኗ ግን ርካሽ ስለ ነበረች በገበሬው፣ በመርከበኛውና በወርቅ ቆፋሪው እጅ ገብታ ከዓለም ዳርቻ ደረሰች።

ከባላገሩ እጅ ከገባች በኋላ የሆነውን ለማሳየት የዊሊያም ኪምበር ታሪክ ይበቃል። ኪምበር በኦክስፎርድ አጠገብ የሚኖር ግንበኛ ሲሆን፣ አንግሎ ኮንሰርቲናን ከአባቱ የተማረ ሰው ነበር። በ1899 ዓ.ም. የፈረንጆች ገና ማግሥት፣ ብርዱ የግንባታውን ሥራ ስላስቆመው፣ ያለ ወትሮው ወቅት እርሱና ጓደኞቹ ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ቃጭል በእግራቸው አስረው የአገራቸውን ጭፈራ በየደጁ እያሳዩ ሳንቲም ለመለመን ወጡ። ከቆሙባቸው ደጆች አንደኛው ሴሲል ሻርፕ የተባለ የሙዚቃ መምህር በእንግድነት ያረፈበት ቤት ነበር። ሻርፕ እንዲህ ያለ ዜማ በገዛ አገሩ መኖሩን እስከዚያ ቀን አያውቅም ነበርና ተገርሞ፣ በማግሥቱ ግንበኛውን አስጠርቶ ዜማዎቹን በኖታ ጻፈ፤ ከዚያም በኋላ ዕድሜውን የእንግሊዝን የባላገር ዜማና ጭፈራ በመሰብሰብ ፈጸመ። አንድ ሥራ የፈታ ግንበኛ በብርድ ቀን የያዛት ትንሽ ሣጥን፣ ሊጠፋ የነበረ የአንድ ሕዝብ ትውፊት በጽሑፍ እንዲቀመጥ ምክንያት ሆነች።

ወደ ምዕራብ አየርላንድ ስንሻገር፣ በክሌር አውራጃ ኮንሰርቲና ይልቁንም የሴቶች ጸጋ ሆና እናገኛታለን። በኪልረሽ ከተማ የመሸታ ቤት ባለቤት የነበሩት ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ክሮቲ በ1885 ዓ.ም. ተወልደው በ1960 ዓ.ም. ያረፉ ሴት ሲሆኑ፣ ዝናቸው ከአውራጃቸው አልፎ በአገሩ ሁሉ የተሰማው በእርጅናቸው ነው፤ በ1950ዎቹ ዓመታት የአየርላንድ ሬዲዮ ባልደረባ የነበረው ኪራን ማክ ማሁና የድምፅ መቅጃ መሣሪያ በመኪና ጭኖ በየመንደሩ ሲዞር ከእርሳቸው ዘንድ ደርሶ አጨዋወታቸውን ቀድቶ አስተላለፈው። የሚሰሙት ቅጂዎች ጥድፊያ የሌለባቸው፣ ግን አንዲት እርምጃ የማትሰናከልባቸው የጭፈራ ዜማዎች ናቸው፤ አድማጩ ወናፉ በሚመለስበት ቦታ ላይ የጨፋሪውን እግር መሬት ሲነካ የሚያይ ይመስለዋል። በ1958 ዓ.ም. የተወለደው የክሌሩ ኖኤል ሂል ግን ይህንኑ የእናቶች ቅርስ ይዞ፣ በፍጥነትና በኅብረ ድምፅ አበልጽጎ፣ አንዲቷን ኮንሰርቲና የብዙ ሰው ጉባኤ እስክትመስል ድረስ ያስኬዳታል። ሁለቱን አከታትሎ የሰማ ሰው፣ አንድ ትውፊት ሥሩን ሳይለቅ እንዴት እንደሚያድግ ያለ መምህር ይማራል።

በአፍሪካ ምድር ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይልቅ ያስደንቃል። በደቡብ አፍሪካ የሆላንድ ዘር ያላቸው ገበሬዎች ኮንሰርቲናን የጭፈራቸው ዋና መሣሪያ አደረጓት፤ በዚያው አገር፣ በእነርሱ አገዛዝ ሥር ብዙ ግፍ የተፈጸመባቸው የዙሉ ተወላጆችም በማዕድን ጉድጓድና በከተማ ቤት አገልግሎት ያገኙትን ገንዘብ ከፍለው ያችኑ መሣሪያ ገዙ። ከአገራቸው ተለይተው የሚኖሩት እነዚህ ሠራተኞች በረዥም መንገድ ላይ እየሄዱ የሚጫወቱት፣ ዘፈንን ከውዳሴ ንግግር ጋር የሚያዋሕደው ማስካንዳ የተባለ ሙዚቃ የተወለደው በዚህ ኑሮ ነው። የዙሉ ተጫዋቾች የተገዛውን መሣሪያ እንዳለ አልተቀበሉም፤ የፋብሪካው ድምፅ ለአገራቸው ዜማ አልስማማ ሲል የብረቱን ምላሶች አስለውጠው እንደ ልሳናቸው ያስቃኙት ነበር። ነጭ ሆኖ በጉርምስናው ከዙሉዎች ጋር የዋለው ዘፋኝ ጆኒ ክሌግም ከጊታሩ ሌላ ኮንሰርቲናን ከእነርሱ ተምሮ በዓለም መድረክ አሰማት። እንግዲህ በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን፣ እርስ በርሳቸው በጠላትነት የሚተያዩ ሁለት ወገኖች አንዲትን ዕቃ ይዘው ሁለት ዓለም አሰሙባት ማለት ነው፤ ጨቋኙም ተጨቋኙም ያቺን ሣጥን የእኔ ናት ቢል ሐሰት አልነበረም።

የዚሁ ቤተሰብ ትልቋ አባል ባንዶኒዮን የምትባለው ናት። በጀርመን አገር በክሬፌልድ ከተማ የሚኖር ሃይንሪሽ ባንድ የተባለ ነጋዴና መምህር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ስሙን ሰጥቷት ያሰራጫት ይህች መሣሪያ፣ ኦርጋን ለመግዛት አቅም በሌላቸው አብያተ ክርስቲያናት ጭምር ታገለግል ነበር፤ ስደተኞች ይዘዋት ወደ ቦነስ አይረስና ወደ ሞንቴቪዴዎ ሲሻገሩ ግን የታንጎ ነፍስ ሆነች። አኒባል ትሮይሎ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጥቂት ድምፅ መርጦ፣ በእያንዳንዱ ላይ ትንፋሹን እያሳደረ ይጫወታት ነበር። አስቶር ፒያሶላ ደግሞ በልጅነቱ በኒው ዮርክ ሲኖር አባቱ በ1929 ዓ.ም. ያገለገለች ባንዶኒዮን ገዝቶ ሰጠው፤ አድጎም በ1954 ዓ.ም. ወደ ፓሪስ ሄዶ ናድያ ቡላንዤ ከተባለችው ታላቅ መምህርት ዘንድ በተማረ ጊዜ፣ የመሸታ ቤት ሙዚቃ እንዳይባልበት አፍሮ ታንጎ ተጫዋች መሆኑን ደብቆ ነበር። መምህርቲቱ ግን የአውሮፓን ሊቃውንት እየመሰለ በጻፈው ድርሰት አልረካችም፤ ግድ ብላ ታንጎ ባስጫወተችው ጊዜ፣ እውነተኛው ማንነትህ ይህ ነውና አትተወው ብላ መከረችው። ፒያሶላም ምክሯን ተቀብሎ ወደ አገሩ ዜማ በመመለሱ በዓለም ታወቀ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በአገራችን አቆጣጠር በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ቲያትርና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው፣ ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር የምንለው ቤት፣ አኮርዲዮንን ከመሰንቆና ከክራር አጠገብ አስቀምጠው ለሕዝብ አሰምተዋል፤ በኋላ ግን በኤሌክትሪክ የሚሠራው ኦርጋን ሲበዛ ወናፉ እየተረሳ ሄደ። ይህን የተረሳ ድምፅ ከሁሉ ይልቅ ያስታወሰን ኃይሉ መርጊያ ነው። ኃይሉ በ14 ዓመቱ አኮርዲዮንን ያለ መምህር ራሱን አስተምሮ የጀመረ ሰው ሲሆን፣ በኋላ የዋልያስ ባንድ የኦርጋን ተጫዋች ሆኖ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ለዓመታት ሠርቷል። ባንዱ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ዓ.ም. ለዝግጅት ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ኃይሉም ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር በዚያው ቀረ።

በ1985 ዓ.ም. ኃይሉ በዋሽንግተን አካባቢ ወደሚገኝ ትንሽ የመቅረጫ ክፍል ገብቶ፣ ብቻውን አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና በመሣሪያ ከተቀናበረ የከበሮ ምት ጋር እያዋሐደ፣ ‹ሸሞንሟናዬ› የተባለውን ካሴት አወጣ። በካሴቱ ውስጥ አምባሰልም ሽለላም አለ፤ ይኸውም ለብዙ ዘመን በመሰንቆና በሰው ጉሮሮ ይኖሩ የነበሩ የወሎና የጎንደር ዜማዎች፣ በቪየና በተፀነሰ መሣሪያ፣ በአሜሪካ ምድር፣ በአንድ ኢትዮጵያዊ እጅ ሲተነፍሱ ይሰማል። አምባሰሉን ልብ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው፣ ተጫዋቹ አዝማሪ በደጋኑ የሚያንሸራትተውን ድምፅ በአኮርዲዮን ማንሸራተት ስለማይቻል፣ በዋናው ድምፅ ዙሪያ ያሉትን ጎረቤት ድምፆች ፈጥኖ እየነካካ የጉሮሮውን መንቀጥቀጥ እንደሚያስመስለው ይገነዘባል፤ ድምፁ ሲያልቅም ወናፉን በድንገት አይቆርጠውም፤ እስኪከስም ድረስ ቀስ ብሎ ይለቀዋል።

የካሴቱ ዕድል ከዜማው የማያንስ ታሪክ አለው። ኃይሉ ሙዚቃን እንደ ዋና መተዳደሪያ ትቶ በዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ሲነዳ ለብዙ ዓመታት ኖረ፤ ነገር ግን ደንበኛ እስኪመጣ ድረስ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ትንሽ ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር እንጂ ጣቱን አላሳረፈም። ከዕለታት አንድ ቀን ብሪያን ሺምኮቪትስ የተባለ የአፍሪካ ካሴቶችን የሚሰበስብ አሜሪካዊ በባሕር ዳር ከተማ ከአንድ ካሴት ቤት ይህንኑ ካሴት አገኘ፤ ባለቤቱን አፈላልጎም በ2013 ዓ.ም. እንደገና አሳተመው። ከዚያ ወዲያ ኃይሉ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ዳግመኛ ተጠራ፤ በ2018 ዓ.ም. ‹ላላ በሉ› የተባለውን አዲስ ሥራ ሲያወጣም አኮርዲዮኑን አልተወውም። እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር ቢኖር፣ ዓለም ያደነቀው ኃይሉ የአውሮፓን መሣሪያ መቻሉን አለመሆኑ ነው፤ ይህንማ የሚችሉ በአውሮፓ ሞልተዋል። ዓለም ያደነቀው አምባሰሉን ነው።

በጎረቤታችን በሱዳንም አኮርዲዮን በዘፈን ጓዶች ውስጥ ከቫዮሊን ቀጥሎ የተከበረ ቦታ አለው፤ የሱዳን ዜማ በአብዛኛው እንደኛው በአምስት ድምፅ የሚሄድ ስለሆነ፣ በመተማ በኩል ከተሻገረው ሬዲዮና ካሴት የሚሰማው የወናፍ ድምፅ ለጎንደር ጆሮ እንግዳ አልሆነበትም። እንደ ሞሐመድ ወርዲ ያሉ ዘፋኞች ቋንቋቸውን በማይሰማ ኢትዮጵያዊ ዘንድ እንኳ የተወደዱት በዚህ የቅኝት ዝምድና ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ስለ ወናፍ መሣሪያዎች ስናመሰግን፣ የሚጎድላቸውንም መናገር የሐቀኛ ሐተታ ግዴታ ነው። የኮንሰርቲና ምላስ አንድ ጊዜ በፋብሪካ ተፍቆ ድምፁ ከተወሰነ በኋላ ተጫዋቹ ሊያሞላውም ሊያጎድለውም አይችልም። መሰንቆ ግን እንዲህ አይደለም፤ አውታሯ ከአንገቱ እንጨት ርቃ የተወጠረች ናትና፣ የአዝማሪው ጣት ከእንጨቱ ጋር ሳይጣበቅ አውታሯን ብቻ እየነካ በሁለት ድምፅ መካከል ያለውን ጠባብ መንገድ ሁሉ ይመላለስበታል፤ ዕጣን የተቀባው ደጋንም ድምፁን እንደ ልቡ ያሻክረዋል፣ ያለሰልሰዋል። የያሬዳዊው ዜማ ምልክቶችም፣ ይዘቱ፣ ድፋቱ፣ ሂደቱና ርክርኩ፣ የሚያዝዙት ድምፅ ከደረጃ ወደ ደረጃ መዝለልን ብቻ አይደለም፤ መጎተትን፣ መንቀጥቀጥንና መውረድን ጭምር ነው። ስለዚህ ኮንሰርቲናን የሚያደንቅ ሰው መሰንቆን ኋላ ቀር ናት ቢል፣ ብዙ ቁልፍ ያለው ሁሉ ብዙ የሚናገር መስሎት ተሳስቷል። የዙሉ ተጫዋቾች ምላሱን ማስለወጣቸው፣ ኃይሉም ጎረቤት ድምፆችን ማነካካቱ ይህን ጉድለት ስላወቁት ነው፤ ጥበባቸውም የታየው በዚሁ ነው።

እንግዲህ አንባቢያችን ይህን ሙዚቃ ለመስማት ቢፈቅድ፣ በዚህ መንገድ ቢጀምር ይጠቀማል። በመጀመሪያ የዊሊያም ኪምበርን ወይም የወይዘሮ ክሮቲን ቅጂ ፈልጎ፣ ሌላውን ሁሉ ትቶ ወናፉ የሚዞርበትን ቦታ ብቻ ያድምጥ፤ እርሱን ከለየ የጭፈራውን እርምጃ ለይቷል። ቀጥሎ ወደ ኖኤል ሂል ተሻግሮ፣ የቀኝ እጅ ዜማውን ሲመራ የግራው እጅ መቼ እንደሚያጅብና መቼ ዝም እንደሚል ይከታተል። ከዚያ የዙሉዎችን ማስካንዳ ሲሰማ፣ ውዳሴ ነጋሪው ቃሉን በሚያፈስበት ጊዜ መሣሪያዋ ከአንድ አጭር ዜማ ሳትወጣ እንደምትጠብቀው ያያል፤ ይህ ለፉከራና ለቀረርቶ ባላገር የሚያውቀው ሥርዓት ነው። በትሮይሎና በፒያሶላ ዘንድ ረዥሙን ትንፋሽና ድንገተኛውን መቆረጥ ካስተዋለ በኋላ፣ በመጨረሻ ወደ ኃይሉ መርጊያ አምባሰል ይምጣ፤ አኮርዲዮኑን ከመስማቱ በፊት ግን በዚያው ቀን አንድ አምባሰል በመሰንቆ ቢሰማ ልዩነቱም ዝምድናውም ፈጥኖ ይገለጥለታል።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለአርብ ገበያና ለአካባቢዋ የሚቀር አንድ ቁም ነገር አለ። ኪምበርን ሻርፕ ባይጽፈው፣ ወይዘሮ ክሮቲን የሬዲዮው ሰው ባይቀዳቸው፣ የኃይሉም ካሴት ከባሕር ዳሩ መደርደሪያ ላይ ባይቆይ፣ ዛሬ ከእነዚህ የምንሰማው አንድም ባልተረፈ ነበር፤ ጥበቡን ከሞት ያዳነው የባለሙያው ችሎታ ብቻ ሳይሆን የአድማጩ ትጋት ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የአባቶቻቸውን ግጥምና ቅኝት የያዙ አዝማሪዎች ዛሬም አሉ፤ ዕድሜያቸው ግን እየገፋ ነው። የመቅጃ መሣሪያው በየወጣቱ ኪስ ስላለ እንደ ኪራን ማክ ማሁና በመኪና መጫን አያስፈልግም። ስለዚህ በመጪው የሠርግ ወር ከአዝማሪ ፊት የምትቀመጥ ወጣት ሁሉ፣ ፈቃዱን ጠይቀህ፣ ዋጋውን ከፍለህ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቅዳው፤ የአዝማሪውን ስም፣ የመንደሩን ስም፣ የቅኝቱን ስምና ቀኑን ጽፈህ ከቅጂው ጋር አኑር፤ ስም የሌለው ድምፅ ከትውልድ በኋላ የማን እንደ ነበረ የሚናገርለት አይገኝምና።